የሽንኩርቱን ቢላዋ ከአጥንቱ ቢላዋ እንለይ

አገር ቤት ሳለን አብዛኛው ቤት አንድ ቢላዋ ነበረው፤ ቢበዛ ሁለት። በእሱው ሽንኩርት ይከተፋል፣ በእሱው ሥጋ ይዘለዘላል፣ በእሱው ዶሮ ይበለታል፣ ሸንኮራ ይላጥበታል፣ ሲቸግርም የቆርቆሮ ክዳን ይከፈትበታል። እዚህ አሜሪካ ነገሩ ተገልብጧል። በእንጨት ማቀፊያ የተሰካ አሥራ ምናምን ቢላዋ ያለበት ወጥ ቤት ሞልቷል፤ ከነዚያ ሁሉ መካከል ግን ቲማቲም ሳይጨፈልቅ የሚቆርጥ አንድ ይጠፋል። አገር ቤት ቢላዋው አንድ፣ ስለቱ ግን ጠባቂ ነበረው። እዚህ ቢላዋው ብዙ ነው፣ ስለቱ ግን ባለቤት የለውም።

በዓል በመጣ ቁጥር ሽንኩርት ስንከትፍ የምናፈሰው እንባ ግማሹ የቢላዋው ዕዳ ነው። የዶለዶመ ቢላዋ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ በተጨፈለቀ መጠን ደግሞ ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝ ይበዛል። መፍጫ ማሽን ውስጥ ስንጨምረው እንባው ይቀርልናል፣ ግን ሽንኩርቱ ውኃውን ይለቅና ድስት ላይ ሲወጣ በመቁላላት ፈንታ ይቀቀላል። የወጥን ጣዕም ከሽንኩርቱ የምትጠብቁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ።

«የጃፓን ቢላዋ ጥሩ ነው ይባላል፤ ብዙ ሳላወጣ የትኛውን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ከጓደኞቼ ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልሱ ከቢላዋው በፊት ከእኛ ምግብ ይጀምራል። ምን እንከትፋለን? የምንከትፈው በመዳፋችን ይዘን ነው ወይስ መክተፊያ ላይ አስቀምጠን? አጥንት ይነካል ወይስ አይነካም? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ሰው ቅርጹንም ልኩንም ለመምረጥ አይቸገርም።

የእኛ ቢላዋ በእጅ፣ የእነሱ በመክተፊያ

የአገር ቤቱን ቢላዋ ማጣጣል አልፈልግም። ቀጥቃጩ ብዙ ጊዜ ከመኪና ባሌስትራ ወይም ከሌላ ውዳቂ ብረት ይሠራዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ውዳቂ ብረት እንዴት መልሶ ዕቃ እንደሚሆን በዓይኑ አይቷል። ጀርባው ወፍራም ነው፣ ብረቱም ቻይ ነው፤ አጥንት ቢመታ ይዶለዱማል ወይም ይታጠፋል እንጂ ብዙ ጊዜ አይሸረፍም። ሲዶለዱም በሞረድ ይሳላል፤ ሞረድ ከሌለ በደጃፍ ድንጋይ፣ ድንጋይም ከራቀ በሲኒ ቂጥ። ስለቱ ቶሎ ይሄዳል፣ ቶሎም ይመለሳል።

አያያዙም የራሱ ነው። እናቶቻችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የተላጠውን ሽንኩርት በግራ መዳፋቸው ይዘው፣ ላዩን በቁመትና በአግድም ይተለትሉትና ከላይ እየላጉ ሳህን ውስጥ ያረግፉታል። ቋንጣ የሚዘለዝል ሰው አንዱን ሙዳ ሥጋ እያገላበጠ፣ ሳይበጥስ፣ ረጅም ዘለላ ያወጣል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በድሮው ወግ ሥጋውን በጥርሱ ነክሶ በግራ እጁ ወጥሮ ከከንፈሩ ፊት ይቆርጣል። ሦስቱም መክተፊያ አይፈልጉም። ለዚህ ሥራ የሚመቸው አጠር ያለና ቀላል፣ በእጅ ውስጥ እንደልብ የሚዞር ቢላዋ ነው።

የጃፓኑ የወጥ ቤት ቢላዋ የተሠራው በአብዛኛው ለመክተፊያ ነው። ምላጩ ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም እጀታውን የያዘው እጅ ጉልጥምት መክተፊያውን እንዳይመታ ክፍተት ይፈልጋል። ስለቱ ቀጭን ነው፤ ምክንያቱም የሚወርደው እንጨት ላይ እንጂ አጥንት ላይ አይደለም። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ሽንኩርት በመዳፉ ላይ የከተፈበት ሰው «ለእኛ አይሆንም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ለእኛ ይሆናል፤ ግን ልክና ቅርጹ ሲታወቅ ነው።

ከሰይፍ አንጥረኛ እስከ ወጥ ቤት

ጃፓን ውስጥ በቢላዋ የታወቁ ከተሞች አሉ፦ በኦሳካ አውራጃ ሳካይ፣ በጊፉ ሴኪ፣ በኒጋታ ሳንጆና ትሱባሜ፣ በፉኩይ ኤቺዘን። ሴኪ ከጥንት ጀምሮ የሰይፍ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1876 መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መሄድን ሲከለክል የሰይፍ ገበያ ወደቀ፤ ብዙ አንጥረኞችም ፊታቸውን ወደ ቢላዋና ወደ እርሻ መሣሪያ አዞሩ። በዚያው ዘመን አገሪቱ ለረጅም ጊዜ ርቃው የነበረውን የበሬ ሥጋ መብላት ጀመረች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሜይጂ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1872 ሥጋ መብላታቸው በይፋ ተነገረ። ዛሬ ጊዩቶ የሚባለው ቢላዋ የፈረንሳይና የጀርመን ሼፎች ከሚይዙት ተቀድቶ በዚያ ለውጥ ውስጥ የተወለደ ነው።

እኛ ጋ የሥጋ ቢላዋ ጥንትም ነበር፤ የጎደለው ለሠሪው የሚሰጠው ክብር ነው። የጃፓን ቢላዋ ምላጩ ላይ የሠሪው ወይም የቤቱ ስም ይቀረጽበታል። የእኛን ባሌስትራ የቀጠቀጠው ሰው ግን ስሙ የትም አልተጻፈም፤ እንዲያውም ቡዳ እየተባለ ሲሸሽ ኖሯል። አፄ ምኒልክ ባለ እጆች እንዳይሰደቡ እስከ ማወጅ የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው! ስም ያልተጻፈበት ዕቃ የሚሻሻለው በዝግታ ነው፤ ገዢውም ጥሩውን ሠሪ መልሶ አያገኘውም።

ቅርጽ፦ ለየትኛው ምግባችን የትኛው?

ጊዩቶ ለሁሉም ሥራ የሚሆን ረጅም ቢላዋ ነው። ሆዱ በመጠኑ የጎበጠ፣ ጫፉ የሾለ ነው። ለክትፎ ቀይ ሥጋውን ከጅማቱ ለመለየት ጫፉ ያገለግላል፤ ሥጋውን ለማድቀቅ ደግሞ ርዝመቱ። በተሳለ ጊዩቶ የተከተፈ ክትፎ በማሽን ከተፈጨው የሚለየው ሥጋው ስላልተለወሰ ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ተቆርጣ እንጂ ተጨፍልቃ አልወጣችም።

ሳንቶኩ አጠር ሰፋ ያለ ነው። ስለቱ ከጊዩቶ ይልቅ ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ወደ ጫፉ ሲደርስ ወደ ታች የሚያዘነብል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን ቤቶች ውስጥ የተስፋፋው፣ አትክልትንም ሥጋንም ዓሣንም በአንድ ቢላዋ ለመሥራት ስለሚያስችል ነው። ጠባብ አፓርታማ ውስጥ፣ ትንሽ መክተፊያ ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚመች የለም። ሾል ያለ ጫፍ ለሚፈልግ ሥራ ግን ከጊዩቶ ያንሳል።

ናኪሪ የአትክልት ቢላዋ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ትንሽ መጥረቢያ ስለሚመስል ብዙ ሰው ለአጥንት ይገዛዋል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፣ ምላጩ ቀጭን ነውና። ስለቱ ቀጥ ያለ በመሆኑ ሲወርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ መክተፊያውን ይነካል። ጎመን ጠቅልላችሁ ስትከትፉ ቅጠሉ ሳይበጠስ እርስ በርስ ተያይዞ የሚቀረው በጎበጠ ቢላዋ ነው፤ በናኪሪ ይህ የለም። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የሚጾም ቤት፣ በተለይም የጾምና የፍስክ ዕቃ የሚለይ ከሆነ፣ ናኪሪውን ለጾም፣ ጊዩቶውን ለፍስክ ቢያደርግ ሁለቱም ሥራ አይፈቱም።

ፔቲ ትንሹ ቢላዋ ነው፤ የእናቶቻችን እጅ የሚያውቀውም እሱን ነው። አክስቴ ከደሴ ሊጠይቁን መጥተው ሽንኩርት ልክተፍ ሲሉ ጊዩቶውን ሰጠኋቸው። ገለባብጠው አዩትና «ይሄ ሰይፍ ነው እንጂ ቢላዋ ነው እንዴ? ትንሽ የለሽም ልጄ?» አሉ። ፔቲውን ሲይዙት ወዲያው መዳፋቸው ላይ ሥራ ጀመሩ፤ ሽንኩርቱ እንደ ፈለጉት ደቆ ወረደላቸው። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኳቸው፤ እናንተንም ላስጠንቅቅ። የአገር ቤቱ ቢላዋ አውራ ጣት ቢነካ ብዙ ጊዜ ይምራል፤ ይህ አይምርም። በመዳፍ የሚከትፍ ሰው ስለቱን ወደ ጣቱ መግፋት ሳይሆን ከጣቱ ቀድሞ ማቆም አለበት።

ሆኔሱኪ ብዙ አበሻ የማያውቀው፣ ለዶሮ ወጥ ግን ታስቦ የተሠራ የሚመስል ቢላዋ ነው። ጃፓኖች ዶሮ ለመበለት የሚይዙት ባለ ሦስት ማዕዘን አጭር ቢላዋ ሲሆን፣ ተረከዙ ወፍራም ጫፉ ቀጭን ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት በወጉ የምታወጣ ሴት አጥንት አትሰብርም፤ መገጣጠሚያውን በጣቷ ፈልጋ የቢላዋውን ጫፍ እዚያ ታስገባለች። ሆኔሱኪም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንዳንዱ አንድ ወገኑ ብቻ በርከት ብሎ የተሳለ ስለሆነ ግራኝ የሆነ ሰው ሳይጠይቅ እንዳይገዛ። ያናጊባና ዴባ የሚባሉት የዓሣ ቢላዋዎችም በአንድ ወገን ብቻ የሚሳሉ ናቸው፤ ሱሺ የማይሠራ ቤት አያስፈልጉትም።

ልክና ክብደት

ጊዩቶ ብዙ ጊዜ በ18፣ በ21፣ በ24 እና በ27 ሳንቲ ሜትር ይሸጣል። ለእኛ ቤት 21 ይበቃል። 24 ለምግብ ቤት ሠራተኛ ወይም ለሠርግ ለሚከትፍ ሰው ነው። ሳንቶኩ ከ16 ተኩል እስከ 18፣ ናኪሪ 16 ተኩል አካባቢ፣ ፔቲ ከ12 እስከ 15፣ ሆኔሱኪ 15 አካባቢ ነው። መክተፊያችሁን ለኩት፤ ከቢላዋው ቢያንስ በአሥር ሳንቲ ሜትር ካልረዘመ አጠር ያለ ቢላዋ ምረጡ ወይም መክተፊያውን ቀይሩ።

ርዝመቱን ሁሉም ያያል፤ የምላጩን ስፋት የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ተረከዙ ላይ 45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ቢላዋ ጉልጥምትን ያድናል። የፔቲ ምላጭ ጠባብ ስለሆነ መክተፊያ መሀል ላይ ጣት ይመታል፤ እሱን መክተፊያው ጠርዝ ላይ ወይም በእጅ ውስጥ ነው የሚሠሩበት።

የጀርመኖቹ 20 ሳንቲ ሜትር ቢላዋ ወደ 250 ግራም ሊጠጋ ይችላል። የጃፓኑ 21 ብዙ ጊዜ ከ200 ግራም በታች ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለሚከትፍ ሰው ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል፤ ለክርስትና ወይም ለማኅበር ሙሉ ከረጢት ሽንኩርት ለሚከትፍ ሰው ግን የእጅ አንጓው ማታ ይነግረዋል።

እጀታው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ምዕራባውያኑ በብሎን መሰል ምስማር የተያያዘ፣ መዳፍ የሚሞላ ነው። ሌላው የጃፓኖቹ የእንጨት እጀታ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ በጣም ቀላል። የመጀመሪያው እርጥበት ይችላል፣ ለጀማሪም ይቀናል። የሁለተኛው ክብደት ወደ ምላጩ ያደላል። የትኛውንም ብትገዙ፣ አያያዙ እጀታውን በጡጫ መጨበጥ አይደለም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ምላጩን ራሱን ከእጀታው ጫፍ ላይ ቆንጠጥ አድርገው ይያዙ፣ የቀሩት ሦስት ጣቶች እጀታውን ይቀፉ። የግራ እጅ ጣቶች ጫፋቸው ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ ምላጩ የጉልጥምቱን ጎን ታክኮ ይውረድ። ቢላዋውን ከላይ ወደ ታች አትጫኑት፤ ወደ ፊት እየገፋችሁ አውርዱት።

ዋጋና ብረት

ርካሽ ስል እዚህ አሜሪካ ከ60 እስከ 120 ዶላር አካባቢ ያለውን ማለቴ ነው፤ ዋጋው በሱቅና በወቅት ይለያያል። በዚህ ክልል ውስጥ ከምግብ ቤት ሠራተኞች አፍ የማይጠፋው የትሱባሜው ቶጂሮ ነው። መሀሉ ቪጂ 10 የሚባል ጠንካራ ብረት፣ ግራና ቀኙ ለስላሳ የማይዝግ ብረት ነው። ማክ የሚባለውም ቀላልና ቀጭን በመሆኑ ይወደዳል፤ አንዳንዱ ሞዴሉ ግን ከዚህ ዋጋ ይወጣል። በጀቱ ለዚህም ለማይበቃ ሰው የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ ባለ ፕላስቲክ እጀታ አለ፤ ጃፓናዊ ባይሆንም ቀጭን፣ ቀላልና የማያሳፍር ነው።

የብረቱ ጥንካሬ ሮክዌል በሚባል መለኪያ ይለካል። የተለመዱት የጀርመን ቢላዋዎች ከ56 እስከ 58፣ ቪጂ 10 ደግሞ 60 አካባቢ ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሥራ ላይ ይታያል። ጠንካራው ብረት በየወገኑ 15 ዲግሪ አካባቢ ተስሎ ያንን ስለት ይዞ ይቆያል፤ ለስላሳው 20 አካባቢ ካልሆነ ቶሎ ይታጠፋል። የጥንካሬው ዋጋ ደግሞ መሸረፍ ነው፤ አጥንት ሲመታ አይታጠፍም፣ ይቆረሳል።

የሚዝግ የካርቦን ብረት ቢላዋም አለ። ስለቱ ግሩም ነው፤ ግን ሽንኩርትና ሎሚ ነክቶት ሳይጠረግ ከቆየ ይጠቁራል፣ እርጥብ ከዋለም ይዝጋል። ወጥ እያማሰሉ፣ ልጅ እያባበሉ፣ ስልክ እያነሱ ለሚሠሩ ሰዎች አልመክረውም።

ምላጩ ላይ ሞገድ የሚመስል ጌጥ ስታዩ አትደንግጡ። እውነተኛው ተደራራቢ ብረት ነው፤ ነገር ግን የሚቆርጠው መሀሉ ያለው ብረት እንጂ ጌጡ አይደለም። ማስታወቂያ ላይ የጃፓን ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡ አንዳንዶቹ ደግሞ ጌጡ ላዩ ላይ የታተመ ብቻ ነው። የብረቱን ዓይነትና የተሠራበትን አገር በግልጽ የማይጽፍ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ስለቱን ማን ይጠብቅ?

አገር ቤት ሞረዱ ቤት ውስጥ ነበር። እዚህ ሰው ቢላዋ ሲዶለዱምበት ሌላ ይገዛል። የአገር ቤቱን ልማድ ከነሙሉ ክብሩ መመለስ ያለብን እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው ግን ይለወጥ። ሻካራው የብረት ሞረድ ለጠንካራው የጃፓን ብረት አይሆንም፤ ስለቱን ይሸርፈዋል። የሚያስፈልገው የውኃ ድንጋይ ነው። ቁጥሩ 1000 የሆነ አንድ ድንጋይ ለቤት ይበቃል፤ በሌላ ጎኑ 6000 ያለበት ካገኛችሁ ማለስለሻ ይሆናችኋል።

ድንጋዩ ውኃ የሚጠጣ ዓይነት ከሆነ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ውኃ ውስጥ ይቆይ። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉለት። ቢላዋውን አጋድማችሁ ጀርባውን ከድንጋዩ በትንሹ ጣታችሁ ውፍረት ያህል ከፍ አድርጉት፤ ለ45 ሚሊ ሜትር ስፋት ይህ ወደ 15 ዲግሪ ይጠጋል። ያንን ከፍታ ሳትለቁ ከተረከዝ ወደ ጫፍ እየተጓዛችሁ ሳሉት። በሌላው ወገን ጣታችሁን ከጀርባ ወደ ስለት በጥንቃቄ ስታንሸራትቱ ቀጭን የብረት ሽርፍራፊ ሲቆረቁራችሁ ያ ወገን ደርሷል፤ ገልብጡት። በመጨረሻ ሁለቱንም ወገን በስሱ እያፈራረቃችሁ ሽርፍራፊውን አስወግዱ። የበሰለ ቲማቲም ላይ ሳትጫኑ ሳቡት፤ ልጣጩ ያለ ትግል ከተከፈተ ሥራው አልቋል።

የማይነካው

አጥንት፣ ከፍሪዘር የወጣ ሥጋ፣ ቅርፊቱ የደረቀ ድፎ ዳቦና ጠንካራ ዱባ የቀጭኑ ቢላዋ ሥራ አይደሉም። ዳቦውን በባለ ጥርሱ፣ ሌላውን በወፍራሙ ቢላዋ ሥሩ። የመስታወትና የዕብነ በረድ መክተፊያ ስለትን በአንድ ቀን ይገድላል፤ እንጨት ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ይሁን። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ታጥቦ፣ ወዲያው ተጠርጎ፣ በሰገባው ይቀመጥ። የተከተፈውን ሽንኩርት በስለቱ እየጠረጋችሁ ድስት ውስጥ አትጨምሩ፤ ቢላዋውን ገልብጡና በጀርባው ግፉት።

ለአንድ አበሻ ቤት የምመክረው ይኸው ነው፦ 21 ሳንቲ ሜትር ጊዩቶ፣ ወጥ ቤቱ ጠባብ ከሆነም ሳንቶኩ፤ በመዳፋቸው ለሚከትፉ እናቶች 15 ሳንቲ ሜትር ፔቲ፤ አንድ የ1000 ድንጋይ። ሦስቱም ተደምረው ብዙ ጊዜ በማቀፊያ ከሚሸጠው ስመ ጥር ስብስብ ዋጋ አይበልጡም። ናኪሪና ሆኔሱኪ ሲመቻችሁ የሚታከሉ ናቸው። አሮጌውን ወፍራም ቢላዋ ግን አትጣሉት፤ አጥንቱ ዛሬም የእሱ ድርሻ ነው።